ኩላሊቱ የታመመን ልጅ ለበጋ ካምፕ ማዘጋጀት፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

በሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች በዕረፍት ወራት ከወላጆቻቸው ተለይተው በጫካና በሐይቅ ዳር ለሳምንታት የሚሰነብቱበት የበጋ ካምፕ የቆየ ልማድ ነው። ጅማሬው በኮነቲከት ግዛት የትምህርት ቤት መሪ የነበረው ፍሬድሪክ ገን በ1861 ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ባሕር ዳርቻ ከወጣበት ጊዜ ጋር ይያያዛል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኛ በዝናብ የምንከተትበት ሐምሌና ነሐሴ ለእነርሱ የፀሐይ ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ልጅ ግን ለረጅም ዘመን ከዚህ ልማድ ውጭ ነበር። እንዴት ወደ ውስጥ ሊገባ እንደቻለ መመርመር ለሕክምና ባለሙያ ከመዝናኛ ታሪክ ያለፈ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም በየዘመኑ የልጁን ሕክምና በእጁ ይዞ የነበረው ማን እንደሆነ ያሳያልና።

የስኳር ሕሙማን ልጆች ቀድመው ነበር። ኢንሱሊን ለሕሙማን መሰጠት በጀመረ በ3 ዓመቱ፣ በ1925፣ ዶክተር ሊዮናርድ ዌንት በሚቺጋን ግዛት ለእነዚህ ልጆች ካምፕ ከፈቱ። የኩላሊት ሕሙማን ልጆች ተመሳሳይ ዕድል ለማግኘት ግማሽ ምዕተ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። የኢንሱሊን ብልቃጥና መርፌ በትንሽ ቦርሳ ይያዛል፤ የዳያሊሲስ መሣሪያ ግን በቦርሳ አይያዝም። ከዚህም በላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያው ለልጆች የታሰበ አልነበረም።

ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነርና መሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን በ1960 በሲያትል ከተማ ከቴፍሎን የተሠራውን ሻንት ሥራ ላይ ሲያውሉ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም ያለበትን ሕመምተኛ ደጋግሞ ማከም ተቻለ። በ1962 የተከፈተው ማዕከል የነበሩት አልጋዎች ግን እጅግ ጥቂት ስለነበሩ፣ ማን እንደሚታከም የሚወስን ከኅብረተሰቡ የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሕፃናት ከመነሻው ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። ኮሚቴው በዘመኑም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ ይሁን እንጂ በትችቱ ውስጥ የልጆቹ ጉዳይ የሚገባውን ያህል ቦታ ያገኘ አይመስለኝም።

በ1964 አንዲት የ16 ዓመት ልጃገረድ በዚሁ ሥርዓት ተቀባይነት አጣች። የኑክሌር ምህንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት አልበርት ባብ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሌት ተቀን ሠርተው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በቤት የሚሠራ የዳያሊሲስ መሣሪያ አዘጋጁላት። የቤት ዳያሊሲስ ታሪክ ዐቢይ ምዕራፍ የተጻፈው እንግዲህ ሆስፒታሉ ሊቀበላት ስላልቻለ ነው። የሕክምናው ሸክምም ከነርሷ ትከሻ ወደ ወላጅ ትከሻ ዞረ። ማሽኑን መከታተል፣ ፈሳሹን ማዘጋጀት፣ ክብደት መመዝገብ፣ የሚጠጣውን ውኃ መለካት የቤተሰብ ሥራ ሆነ። ልጅን ለካምፕ ማዘጋጀት ሲመጣ ትልቁ መሰናክል የሆነውም ይኸው ነበር፤ ለዓመታት ይህን ሁሉ በእጇ የያዘች እናት ለማያውቋት ሰዎች እንዴት ታስረክብ?

በ1972 የወጣውና በ1973 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ የዳያሊሲስን ወጪ ለአብዛኞቹ ሕሙማን መንግሥት እንዲሸፍን ሲያደርግ፣ የሚታከሙ ልጆች ቁጥር አደገ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ልጁ ይኖራል ወይስ አይኖርም ከሚለው ወደ እንዴት ይኑር ተሸጋገረ።

መልስ ከሰጡት ቀዳሚዎች አንዱ በኒው ዮርክ ግዛት በካትስኪል ተራሮች የሚገኘው የፍሮስት ቫሊ ካምፕ ነው። ልጃቸውን ሩትን በኩላሊት በሽታ ያጡት የጎትሾ ቤተሰብ በስሟ ያቋቋሙት ድርጅት ከካምፑ ጋር ተባብሮ በ1975 በዚያው ግቢ የልጆች ዳያሊሲስ ክፍል ከፈተ። በእኔ አስተያየት ከማሽኑ ይበልጥ የሚደነቀው የአኗኗሩ ሥርዓት ነው። የኩላሊት ሕሙማኑ ለብቻቸው አልተለዩም፤ ከጤነኞቹ ልጆች ጋር በአንድ ጎጆ ያድራሉ፣ በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ፣ የዳያሊሲስ ሰዓታቸው ሲደርስ ወደ ክፍሉ ሄደው ታክመው ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ይህ ቀላል እንዳይመስል። አንድ የሄሞዳያሊሲስ ሕክምና ከ100 ሊትር በላይ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፤ የምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ መታየቱ ለዳያሊሲስ በቂ አይደለም። በ1970ዎቹ በውኃ ውስጥ ያለ አሉሚኒየም የዳያሊሲስ ሕሙማንን አእምሮ እንደሚጎዳ የታወቀበት ዘመን ስለነበር፣ ከከተማ ርቆ ማሽን መትከል ከሁሉ አስቀድሞ የውኃ ጉዳይ ነበር። ቀጥሎ ወጥ ቤቱ ይመጣል። ሙዝ፣ ብርቱካን ጭማቂና ድንች የካምፕ ምግብ ናቸው፤ ሽንት ለማይሸና ልጅ ግን የፖታስየም ጎተራ ናቸው። ፎስፌት የሚይዘው መድኃኒት ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ጥቅም የለውምና፣ ልጁ ወደ ማዕድ ሲቀርብ ኪኒኑም አብሮት መቅረብ አለበት። የፈሳሽ ገደቡም በሆስፒታል እንደተጻፈው ብቻ ሊቀጥል አይችልም፤ በፀሐይ ሲሮጥ የዋለ ልጅ በላብ የሚያጣው ይጨምራል፤ ስለዚህ የየዕለቱ ክብደት ከወረቀቱ ይበልጥ ይታመናል።

የዝግጅቱ ዝርዝር ከቴክኒክ ጋር አብሮ ተለወጠ። ከቆዳ ውጭ የሚንጠለጠለው ሻንት ከተላቀቀ ደም ያፈስሳል፤ ስለዚህ ዋናም ሆነ ትግል የማይታሰብ ነበር። ብሬሺያና ቺሚኖ በ1966 ያስተዋወቁት ፊስቱላ ይህን ስጋት ቀነሰ፤ በምትኩ በዚያ ክንድ የደም ግፊት እንዳይለካ፣ ደም እንዳይቀዳ ለካምፑ ነርስ መንገር ግድ ሆነ። ፖፖቪችና ሞንክሪፍ በ1976 የገለጹት የማያቋርጥ የሆድ ዕቃ ዳያሊሲስ፣ በኋላም በሌሊት የሚሠራው ማሽን፣ ልጁን ከሄሞዳያሊሲስ ክፍል ነፃ አወጣው። ሆኖም አንድ የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ሌሊት 8 ሊትር ያህል ፈሳሽ ቢጠቀም፣ የአንድ ሳምንት ስንቁ ከ50 ኪሎ ይበልጣል። ካቴተር ያለው ልጅ በሐይቅ መዋኘቱም እስከ ዛሬ የሚያሳስብ ነው። በ1989 ኤሪትሮፖይቲን ሲፈቀድ ደግሞ፣ በደም ማነስ ምክንያት ዳገት መውጣት ያቅታቸው የነበሩ ልጆች አቅም አገኙ።

ተዋናዩ ፖል ኒውማን በ1988 በኮነቲከት የከፈቱት ካምፕ ሌላውን መንገድ ተከተለ፤ በጽኑ ሕመም የተያዙ ልጆችን እርስ በርሳቸው አገናኘ። ሁለቱም መንገዶች ደጋፊ አላቸው። ጠባሳውን የሚደብቅ ልጅ ጠባሳ ያለው ጓደኛ ሲያገኝ የሚሰማው እፎይታ አይናቅም፤ እኔ ግን ወደ ፍሮስት ቫሊው አደላለሁ፣ ልጁ ተመልሶ የሚኖረው ከጤነኞች ጋር ነውና።

ንቅለ ተከላ እየተስፋፋ ሲሄድ የእናት ቦርሳ ቀለለ፣ ማስታወሻዋ ግን ረዘመ። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ሳይዛነፍ መወሰድ አለበት። ተቅማጥና ትውከት የተተከለውን ኩላሊት በፍጥነት ስለሚጎዱ “ነገ ይሻለዋል” ተብለው አይታለፉም። ኩፍኝና ጉድፍ በሽታ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ልጅ አደገኛ ናቸው፤ ሕያው ክትባቶች ደግሞ ከንቅለ ተከላ በኋላ በአብዛኛው ስለማይሰጡ፣ የካምፑ ዝግጅት ከቀዶ ሕክምናው በፊት በክትባት ካርድ ላይ ይጀመራል። ኔፍሮቲክ ሲንድሮም ያለበት ልጅም የሽንት መመርመሪያ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ማታ ውጤቱን የሚመዘግበው ራሱ ቢሆን ይመረጣል። መድኃኒቱን በስሙ የማያውቅ ልጅ ገና አልተዘጋጀም ብዬ አምናለሁ፤ ወላጁ ምንም ያህል ቢያውቅ።

በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2015 ነው። የበጋ ካምፕ የእኛ ልማድ ባይሆንም፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጅን ወደ አያቶቹ አገር መላክ ግን ነባር ነው። በክትትል ላይ ያለ ልጅ ለክረምት ሲሸኝ በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢያዝ፣ ካምፖቹ በብዙ ዓመታት የተማሩት ይጠቅመዋል፦ የምርመራው ስም፣ የተለመደው ክብደትና የደም ግፊት፣ መድኃኒቶቹ ከነሰዓታቸው፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነ በድንገት እንዳይቋረጥ፣ የሐኪሙ ስልክ ቁጥር። ከሥሩም በትልልቅ ፊደል፣ ራሱን ወይም ጥርሱን ቢያመው ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን እንዳይሰጠው፤ አያቱም ይህንኑ ከመድኃኒት ቤት እንዳይገዙለት ይነበብላቸው።