ከመድረክ አቋቋም እስከ ሚክሰር

በኢትዮጵያ የሙዚቃ መድረክ ድምፅ ማመጣጠን ከሚክሰር በፊት የአቋቋም ጉዳይ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሥራ ሲጀምሩ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችም ሲገንኑ፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ያለ ማጉያ አዳራሽ ይሞሉ ነበር። ማይክሮፎኑ የሚያስፈልገው በዋናነት ለዘፋኙ ነው። እሱም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ራቅ፣ ሲያለዝብ ጠጋ ይላል፤ ቮልዩሙን የሚያስተካክለው በአንገቱና በእግሩ ነው ማለት ይቻላል።

ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ኦርጋን ሲመጡ ይህ ዘዴ አልበቃም። አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ ባንድ በሂልተን በሚጫወቱበት ዘመን ጊታሪስቱ የራሱን አምፕሊፋየር ከፍ ካደረገ ኦርጋኒስቱም ይከተለዋል፤ መሀል ላይ የሚዋጠው ዘፋኙ ነው። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ ታዳሚው እስከ ንጋት እዚያው ያድር ነበር። በዚያ ሁሉ ሰዓት የደከመ ጆሮ ደግሞ ሁልጊዜ ጨምር ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን ያማሃ ፒኤም-1000ን የመሳሰሉ ሚክሰሮች ሥራውን ለአንድ ባለሙያ እጅ ሰጡት። ጌንና ቮልዩም ግን አንድ አይደሉም። ከማይክሮፎን የሚወጣው ምልክት በሚሊቮልት የሚለካ ነው፤ ጌን መግቢያው ላይ ለሥራ እስኪበቃ ያሳድገዋል፣ የቮልዩም መግፊያው ፌደር ደግሞ ወደ ስፒከር የሚሄደውን መጠን ይወስናል። ጌኑ አንሶ ፌደሩ ሲገፋ ሹክሹክታ መሰል ጫጫታ አብሮ ይጎላል፤ ጌኑ ሲበዛ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ፌደሩን ዝቅ ማድረግም አያድነውም። ስለዚህ ዘፋኙ በሙሉ ድምፁ እየዘፈነ ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ጌኑ ይጨመራል፣ ከዚያ ጥቂት ይመለሳል፤ ፌደሩ የዜሮ ዴሲቤል ምልክቱ ላይ ሆኖ።

ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከከበሮ ጋር ሲቀርቡ፣ በ1980 ዓ.ም. በውጭ አገር እንደዞረው የሕዝብ ለሕዝብ የኪነት ቡድን፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ጌን ያሻል። የአፋር ጭፈራ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ ዜማው በአውጪና በተቀባይ፣ በጭብጨባና በእግር ምት የተሠራ ነው። ጭፍራ ወይም ሰመራ ሜዳ ላይ ማጉያ ሲተከል ጌኑ የሚለካው በዘፈኑ ሳይሆን በጭብጨባው ነው፤ ቅጽበታዊ ጡዘቱ ከድምፃዊው ስለሚበልጥ። ሁሉንም ለማሰማት ማይክሮፎን መደርደርም ዋጋ አለው፤ የተከፈቱት ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ስፒከሩ ሳያፏጭ ሊጨመር የሚችለው መጠን በ3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።