ቁጥሩ ነበረ፣ ትርጉሙ አልነበረም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ቢደብቁትም ባይደብቁትም ደህና መድኃኒት አልነበራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ማርች 1944 ላይ አንድ የልብ ሐኪም የደም ግፊታቸውን ሲለካ 186/108 ሆኖ አገኘው። ጨውና ሲጋራ ቀንሱ ተባሉ። ሕዝቡ ግን «ፕሬዚዳንቱ ደህና ናቸው» ነው የተባለው። ፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ሲመለሱ ግብፅ ላይ፣ መርከብ ውስጥ፣ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው አረፉ። የዚያን ዕለት ግፊታቸው 300/190 ነበር!

መለኪያ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ ጣልያናዊው ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን መሣሪያ የሠራው በ1896፣ እኛ ዐድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት ነው። ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ ደግሞ በ1905 በማዳመጫ እየሰሙ መለካትን አሳየ። የጎደለው ትርጉሙ ነበር። ብዙ ሐኪሞች ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩ ተፈጥሯዊ ነው፣ ደሙ በጠበበው ሥር እንዲያልፍ ያግዛል ብለው ያምኑ ነበር።

ትርጉሙ የተገኘው ማሳቹሴትስ ውስጥ ካለች ፍራሚንግሃም ከምትባል ከተማ ነው። ከ1948 ጀምሮ ተመራማሪዎች 5,209 ነዋሪዎችን መዝግበው ግፊታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ ኮሌስትሮላቸውን በየሁለት ዓመቱ መለኩ። ከዚያስ? ማን በልብ በሽታ እንደሚያዝ በትዕግሥት ጠበቁ። በ1961 ባወጡት ጽሑፍ ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ይበልጥ እንደሚታመሙ አሳዩ። ሲጋራም ከዝርዝሩ አልቀረም። ዛሬ ሐኪሞች «አጋላጭ ምክንያቶች» የሚሉትን ቃል በሰፊው ያስለመደው ይኸው ጥናት ነው።

እኛ ወጣቶች ታዲያ «ግፊት የሽማግሌ ነው» እንላለን። ችግሩ ግፊት አያምም፤ ዓመታት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። በብዙ አገር 140/90 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ርግጥ አንድ ቀን ተለክቶ አይፈረድም፤ ደጋግሞ መለካት ነው። ልኬቱ ግን ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

የሩዝቬልት ሐኪሞች ቁጥሩን ይዘው መላ አጡ። እኛ መላው እያለልን ቁጥራችንን አናውቅም። እስቲ የእናንተ ስንት ነው?