የጎመን ምንቸት ውለታ

መስከረም ጠብቶ እሸት መታየት ሲጀምር እናቶቻችን «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይላሉ። አባባሉን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። በእነዚያ ወራት ቤተሰቡን የሚያቆየው በአመዛኙ ጎመን ነው። እህሉ ሲደርስ ግን ጎመኑ «ውጣ» ይባላል። ያን ጎመን ማን ዘራው? ማን ኮተኮተው? ዘሩንስ ከዓመት ዓመት ማን አቆየው? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ የሚያነሣ ነው።

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በማኅበራችን የተጀመረው ውይይት ነው። ጀማሪ አባላት በየቤታቸው አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅመም እንዲያለሙ ሐሳብ ሲቀርብ፣ አንዳንዶቻችን «ይህ እኮ የገጠር ሥራ ነው፤ ከተማ ገብተን ደግሞ ወደ ኋላ?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ረጂዎች ያመጡት አዲስ ነገር ነው» አልን። ሁለቱም አባባሎች ታሪኩን አይገልጹትም። የጓሮ ሥራ እኛ ዘንድ አዲስም፣ ከውጭ የመጣም አይደለም። የሴቶች ታሪክ ሆኖ ሳለ በሚገባ ሳይጻፍ የቀረ ነው።

ሞፈርና ዶማ

በደጋው የአገራችን ክፍል በበሬ ማረስ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ሥራ ነው። ሞፈሩንና ቀንበሩን የሚይዘው ወንድ ነው፤ ሴት እርፍ ጨብጣ ማረሷ በልማድ ነውር ነበር። ሴቷ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ «ገበሬ» የሚለው ስም ግን ለእርሷ አልተሰጠም። በሬ የሌላት ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ማሳዋን ለእኩል ለሌላ ሰው መስጠት ነበረባት። ከምርቱም የሚደርሳት ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰ ነበር።

ጓሮው ግን የተለየ ነበር። ከቤት ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት በሬ አያስፈልጋትም። በዶማና በመኮትኮቻ ትሠራለች፤ ማዳበሪያዋም ከቤት የሚጠረገው አመድ፣ ጥራጊና የከብት እበት ነው። እዚያ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ዱባ፣ ቅልና ጌሾ ይበቅላሉ። በደጃፍ በኩል ደግሞ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጠጅ ሳር አይጠፉም። ምች ለመታው ሰው የምትታሸው ዳማከሴም ከዚያው ናት። ግብርና አስራት ሲሰበሰብ ዋናው ዓይን የሚያርፈው በማሳው እህል፣ በማሩና በከብቱ ላይ ነበር። ጓሮው እንደ ማሳው አልተቆጠረም። ሳይቆጠር መቅረቱ ሁለት ነገር አስከተለ። በአንድ በኩል፣ ሴቷ ጥቂት ጌሾና ሽንኩርት ገበያ አውጥታ የጨውና የፈትል ገንዘብ በእጇ ለመያዝ ቻለች። በሌላ በኩል ግን፣ ያልተቆጠረው ሥራዋ ሥራ ሳይባል ቀረ።

የነበሩና የመጡ

ዛሬ «የአበሻ» የምንለው ጓሮ ውስጥ ያለው ሁሉ ከጥንት የነበረ አይደለም። የአበሻ ጎመን፣ ኮረሪማና ጌሾ የአገራችን የራሷ ተክሎች ናቸው። በርበሬ ግን የመጣው ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካ በርበሬም፣ ቃሪያም፣ ሚጥሚጣም አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበረችው ሴት ወጧን የምታቃጥለው በዝንጅብል፣ በጥምዝ፣ በሰናፍጭና በመሳሰሉት ነበር። ዛሬ ያለ በርበሬ የአበሻ ወጥ ማሰብ ይከብደናል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ያን እንግዳ ፍሬ ተቀብላ፣ ዘርታ፣ አድርቃ፣ ከምን ጋር ቢደለዝ እንደሚጥም መሞከር ነበረባት።

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት ከታሪክ አንጻርም እውነት ሆኖ ይገኛል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ዱባ ግን እንደ በርበሬ ከአሜሪካ የመጣ ነው። በአንድ አጥር ላይ አብረው ሲንጠላጠሉ የምናያቸው ሁለቱ ተክሎች ከሁለት አህጉር መጥተው በአንዲት ሴት ጓሮ የተገናኙ ናቸው።

ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በአድዋ አካባቢ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም 1858 እ.ኤ.አ. ነው። ሕዝቡ በሰፊው የተቀበለው ግን ወዲያው አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ረሃብ በገባ ጊዜ ነው ድንች የተስፋፋው። ካሮት፣ ቲማቲምና ሰላጣ ደግሞ ስማቸው ራሱ ከውጭ ቋንቋ መምጣታቸውን ይናገራል። ገበሬ የዓመት ቀለቡን በማያውቀው ዘር ላይ አይጥልም። አዲስ ተክል ቢበላሽ ብዙ ጉዳት የማያመጣው፣ በየቀኑም ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ጓሮ ነው። ስለዚህ ጓሮ የማያውቁትን ተክል መልመጃ ስፍራ ሆኖ አገልግሏል።

ጓሮ ሕይወት የሆነባቸው ቦታዎች

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ጓሮው የማሳው ተጨማሪ ሳይሆን ዋናው ነው። ጉራጌን፣ ሲዳማን፣ ጌዴኦን፣ ከፋን ያየ ሰው ቤቱ በእንሰት ተከቦ ያገኘዋል። ዱር በቀል እንሰት በሌላም የአፍሪካ አገር ይገኛል፤ አልምቶ ለምግብነት ያበቃው ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ብቻ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በእንሰት እንደሚተዳደር ይገመታል። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ሲያስፈልግ የሚቆረጥ የቁም ጎተራ ነው። መፋቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ማብላላቱ፣ ቆጮና ቡላ ማውጣቱ የሴቶች ሥራ ነው። የትኛው ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን ለይተው የሚያውቁትም በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። በኮንሶም በየቤቱ ደጃፍ የሚተከለው ሽፈራው እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉ በየዕለቱ ምግብ ሆኖ ይቀርባል።

በሰሜን ደግሞ የጣና ዳሯ ዘጌ አለች። በዘጌ ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በልሳነ ምድሩ ላይ ማረስን ከልክለዋል። ሕዝቡም በሬ ሳይጠምድ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እያለማ፣ እህሉን በጀልባ ከሌላ ቦታ እየገዛ ኖረ። በዙሪያው ያለው ደን ተመንጥሮ ሲያልቅ የዘጌ ደን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። አገሩን ሁሉ ያሳደረው እርሻ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ዘመን በአያቶቻችን አንደበት «ክፉ ቀን» ይባላል። ከባሕር ማዶ የገባ የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ክፍል ፈጀው። ዝናብ ታጎለ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ሕዝቡም በረሃብ አለቀ። በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ አርአያ እንደሆኑ ተጽፏል።

ንጉሡ በዶማ መቆፈራቸው የታሪክ ሰዎችን ያስደነቀ ነገር ነው፤ ያስደንቃልም። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። በሬው ሲሞት የወንዱ የእርሻ ሥርዓት ተሰበረ። የቀረው አፈርን በእጅና በዶማ የማልማት ጥበብ ነበር። ያ ጥበብ ደግሞ በየጓሮው የሴቶች የዕለት ሥራ ሆኖ የኖረ ነው። በደህናው ጊዜ ያልተቆጠረው ሥራ በክፉው ቀን የንጉሥ ሥራ ሆነ።

ዘሩን ማን ያዘው?

በ1927 እ.ኤ.አ. የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ጎበኘ፤ አዲስ አበባም ራስ ተፈሪን አነጋገረ። በየቦታው ያየው የዘር ዓይነት ብዛት ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርጎ እንዲመዘግባት አበቃው። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዘር ማከማቻ ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅም ሊጠበቅ ይገባል ብለው ሠሩ። በዚህ ሥራቸውም በ1989 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ማዕከሉ ከመቋቋሙ በፊትስ ዘሩ የት ነበር? በቅል ውስጥ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ አመድ ተነስንሶበት፣ ከምድጃ በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ተንጠልጥሎ ነበር። ደህና ያፈራችውን ጎመን ሳትቀነጥስ ለዘር የምትተው ሴት ነበረች። ጎረቤት ዘር ሲጠፋባት አንድ እፍኝ የምትሰጥ፣ የኮሰረት ግንጥል ቆርጣ የምታካፍል ሌላ ሴት ነበረች። የእኛ ዓይነት ማኅበር ገንዘብ መቆጠብ ከመጀመሩ በፊት ሴቶች ዘር ይቆጥቡ ነበር ማለት እንችላለን።

ጓሮው ሲጠብ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ያ መጠን ዛሬ ለብዙዎቻችን ሕልም ነው። ጓሮው ለልጅ ቤት፣ ለኪራይ ክፍል፣ ለመኪና ማቆሚያ ተቆራረጠ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም ገባ። ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ጓሮ የለም። ከጎመኑ ጋር ዘር የመያዝ ልማዱም፣ ለጎረቤት የማካፈል ልማዱም ቀረ።

በገበያ የምንገዛውም ቅጠል ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ አናውቅም። በአዲስ አበባ ከሚሸጠው አትክልት ጥቂት የማይባለው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር የሚመረት ነው፤ በወንዙ ላይ ደግሞ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይለቀቅበታል። ስለዚህ በቤት ማልማት ወጪ መቀነሻ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን የሚበሉትን የማወቅ ጉዳይም ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጀማሪ

ከላይ ያየነው ታሪክ ለጀማሪ አባላት የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው። አገሩን በለመደው ተክል ጀምሩ። የአበሻ ጎመን በሁለት ወር አካባቢ ለመቀንጠስ ይደርሳል። የታች የታች ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል። ሁለትና ሦስት ጠንካራ እግር ሳትነኩ ለዘር ተዉ። ቦታ የሌላት በጆንያ፣ በአሮጌ ባልዲ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ትትከል፤ ሥሩ እንዳይበሰብስ ግን ከታች ውኃ ማውጫ ቀዳዳ ትብሳ። አፈሩን ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅሉት፤ ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። ኮሰረትና ጤና አዳም ከግንጥል ይይዛሉ፤ ጠጅ ሳር ከሥሩ ተከፍሎ ይተከላል፤ በሶብላ ከዘር ይበቅላል። ጤና አዳምን ግን ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት አትጠጣው፤ አደጋ አለው። ፍራፍሬ ለምትፈልግ፣ መሬት ካላት አንድ እግር ሎሚ ይበቃታል፤ ዓመታት ይፈጃል፣ ከያዘ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

አዲስ ተክል መሞከርም መልካም ነው፤ እናቶቻችን በርበሬንና ድንችን የተቀበሉት ሞክረው ነው። በትንሽ ቦታ ሞክሩ፣ ከለመደ አስፉት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ዘርና መኮትኮቻ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ነገር ግን የጓሮ ዋናው ጥያቄ ቦታው የማን ነው የሚለው ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ መመዝገቡ ለብዙ ሴቶች ትልቅ ለውጥ ነበር። በከተማ ተከራይታ የምትኖር አባላችን ግን አከራይዋ ነገ «አንሺው» ቢላት ጎመኗን ነቅላ ከመሄድ በቀር ምርጫ የላትም። ስለዚህ የምንለምነው የዘር ፓኬት እንዲጨመርልን አይደለም። በጋራ የምናለማው፣ ውኃ የሚደርስበትና ለተወሰኑ ዓመታት በውል የሚረጋገጥልን ቦታ እንድናገኝ አብራችሁን ጠይቁ።

በእኛ በኩል የምናደርገው አለ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ እያንዳንዷ አባል ካለማችው ላይ አንድ እፍኝ ዘር ለማኅበሩ ታስረክብ፤ ከየት እንዳገኘችው፣ መቼ እንደዘራችውና ምን ያህል እንዳገኘችበትም በመዝገብ ይጻፍ። በቁጠባ ደብተራችን የገባችው ብር ሁሉ ተቆጥራለች። ጓሮውም ይቆጠር።