እንፋሎት በእርሻ አፈር ውስጥ፦ ከመቶ ዲግሪ ወደ ስልሳ

በአንድ መደብ ላይ ዓመት ከዓመት አንድ ዓይነት ተክል ሲመላለስበት ምድሩ እንደሚደክም ገበሬ ሁሉ ያውቃል። አፈርን በሙቀት ማከምም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬ ጓሉን ከምሮ «ጋይ» ሲያቃጥል ለገብሱ ምርት ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን እሳቱ የአፈሩን ብስባሽ አብሮ ይበላል። የእንፋሎት ብልጫው ከመቶ ዲግሪ አለማለፉ ነው።

በእንፋሎት አፈርን ከተውሳክ የማጽዳት ሐሳብ የጀርመናዊው ፍራንክ ሲሆን ዘመኑም 1888 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። በ1893 አሜሪካዊው ራድ ለንግድ ሥራ አዋለው። ቈየት ብሎም የትምባሆ ገበሬዎች የእህል መውቂያቸውን የሚያንቀሳቅሰውን የእንፋሎት ሞተር ወደ ችግኝ መደብ እየነዱ፣ የብረት ገበታ ገልብጠው እንፋሎቱን ከሥሩ ይለቁ ጀመር።

ዘዴው የሚሠራበት ምክንያት ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት በቀዝቃዛው አፈር ላይ ወደ ውሃነት ሲለወጥ 2,257 ኪሎ ጁል ይለቃል፤ ያው ፈሳሽ ውሃ ከ100 ወደ 60 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ግን 167 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አፈሩን ጭቃ ሳያደርጉ ማሞቅ ይቻላል።

ችግሩ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። በ1909 በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ ራስልና ሃቺንሰን የሞቀ አፈር ይበልጥ እንደሚያፈራ አሳዩ። ምክንያቱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የሚበሉት ፕሮቶዞአዎች መሞታቸው ነው ብለው ነበር፤ ይህ ትርጓሜ በኋላ ብቻውን አልበቃም። ከመጠን ያለፈ ሙቀት አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ተሕዋስያን ስለሚገድል አሞኒያ ይከማቻል፤ ከአፈሩ የሚለቀቀው ማንጋኒዝም ሰላጣን ይመርዛል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ባዶ የቀረውን አፈር ቀድሞ የገባ ይወርሰዋል፤ ቀድሞ የገባው ችግኝ የሚያጠወልግ ፈንገስ ከሆነ ተፎካካሪ ስለማያገኝ ካልታከመው አፈር ይልቅ በፍጥነት ይስፋፋል።

በ1930ዎቹ በጆን ኢንስ የአትክልት ምርምር ተቋም ሎውረንስና ኒውል ለችግኝ አፈር 82 ዲግሪን ለ10 ደቂቃ መረጡ። ትልቁን እርምጃ የወሰደው ግን በእኔ አስተያየት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬኔት ቤከር ነው። እርሱና ባልደረቦቹ እንፋሎቱን ከአየር ጋር ቀላቅለው ሙቀቱን ወደ 60 ዲግሪ አወረዱት። ግማሽ ሰዓት በዚህ ሙቀት የቈየ አፈር ውስጥ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ፈንገሶችና ኔማቶዶች ይሞታሉ፤ ብዙዎቹ ጠላትን የሚከላከሉ ተሕዋስያን ግን ይተርፋሉ። አፈሩ በመነሻው 20 ዲግሪ ከሆነ የሚፈለገው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ ነዳጅ የሚገዛ ሁሉ የዚህን ትርጉም አይስተውም።

ይሁንና በሰፊው እርሻ ላይ ሜቲል ብሮማይድ አሸነፈ። በፕላስቲክ ሥር የሚለቀቅ ጋዝ ነውና ቦይለርም ሆነ ቧንቧ አይሻም። የኦዞንን ሽፋን የሚጐዳ ሆኖ በመገኘቱ በ1992 በሞንትሪያል ስምምነት ቍጥጥር ሥር ገባ፤ ከተፈቀዱ ልዩ አገልግሎቶች በቀር ባደጉት አገሮች በ2005፣ በማደግ ላይ ባሉት በ2015 እንዲቆም ተወሰነ። የኔዘርላንድ አትክልተኞች የከርሰ ምድር ውሃቸው ስላሰጋቸው ቀድመው ወደ እንፋሎት ተመልሰው ነበር፤ ከመደቡ በታች በተቀበሩ ቧንቧዎች አየሩን በማራገቢያ እየሳቡ እንፋሎቱን ወደ ጥልቁ ያወርዱታል።

መሣሪያውን ከባሕር ጠረፍ አገር ለሚያስመጣ ባልደረባ አንድ ስሌት ልጨምር። በባሕር ጠለል በ60 ዲግሪ የሚወጣው ድብልቅ፣ ከይዘቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንፋሎት፣ የቀረው አየር ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ያው ድብልቅ እዚህ የሚሰጠው 54 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ለ60 ዲግሪ የእንፋሎቱ ድርሻ ወደ አንድ አራተኛ ከፍ ማለት አለበት፤ የአየር ማስገቢያውም ቴርሞሜትሩ አፈሩ ውስጥ ተተክሎ እየታየ ይስተካከላል።