ጠመንጃ፣ ሽጉጥና ውጅግራ፤ የአዳኝ መሣሪያ ስሞች ስለ ዋጋ የሚነግሩን

የሙያ ቃላትን ለመሰብሰብና ለመበየን በምናደርገው ጥረት ከሚያጋጥሙን ሐረጎች አንዱ «በዋጋው የማይከብድ የአደን ሽጉጥ» የሚለው ነው። ሐረጉ ሲታይ ምንም እንከን ያለበት አይመስልም። «ዋጋ»፣ «አደን»፣ «ሽጉጥ» የሚሉትን ሦስቱንም ቃላት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። ይሁን እንጂ ሐረጉን ከጎብዬ ገበያ ለሚመለሱ አንድ አዛውንት ብናነብላቸው ቃላቱን ለየብቻ ይረዷቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ግር ሳይላቸው አይቀርም ብለን እናምናለን። በቋንቋችን ልማድ አደን የጠመንጃ ሥራ ነው፤ ሽጉጥ የወገብ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የመሣሪያ ስሞችን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጎብዬን መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተሰሜን ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃና አላማጣ ይከታተላሉ። በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከተራራውም ወዲያ የአፋር ምድር አለ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ የሚጓዝ ጦር በዚህ ቆላ ወይም ከበላዩ ባለው ደጋ ሳያልፍ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለሆነም የመሣሪያ ስሞቻችን ታሪክ በአመዛኙ ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ ሊተረክ ይችላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ስም «ነፍጥ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀጣጠል ዘይትን፣ ቆይቶም ባሩድን ያመለክት ነበር። በግዕዝ ዜና መዋዕሎች ውስጥ እሳት የሚተፋ መሣሪያ መጠሪያ ሆኖ ይገኛል፤ «ነፍጠኛ» የሚለውም ከእርሱ የወጣ ነው። በ1533 ዓ.ም. በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት ምጽዋ የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ነፍጥ ታጣቂዎች ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ከራያ ቆላ በላይ ባለችው በወፍላ ኢማም አህመድ ኢብራሂም ድል ያደረጓቸው፣ ከዘቢድ የተላኩ 900 ያህል ነፍጠኞች ስለደረሱላቸው ነው። በዚያ ዘመን ነፍጥ የሠራዊት መሣሪያ እንጂ የአዳኝ ዕቃ አልነበረም። አዳኙ በጦር፣ በፈረስና በወጥመድ ይሠራ ነበር።

ቀጥሎ የምናገኘው «ጠመንጃ» የሚለው ቃል ነው። ቀደም ባሉ ጽሑፎች «ጠበንጃ» እና «ጠብመንጃ» እየተባለም ተጽፏል። አንዳንዶች ቃሉን «ጠብ» እና «መንጃ» ብለው ከፍለው «ጠብ የሚነዳበት» ብለው ይፈቱታል። ፍቺው ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ቃሉ ከገባ በኋላ የተደረበበት ነው። እውነተኛው ምንጭ «ጠበንጃ» የሚለው የቱርክና የዐረብ ቃል ነው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ይህ ቃል በቱርክኛ እስከ ዛሬ የሚያመለክተው ረጅሙን መሣሪያ ሳይሆን በአንድ እጅ የሚተኮሰውን አጭሩን መሆኑ ነው። እንግዲህ አማርኛ የአጭሩን መሣሪያ ስም ተውሶ ለረጅሙ ሰጠው ማለት ነው። አጭሩ ስሙን በዚህ ዓይነት ለታላቁ ስላስረከበ ሌላ መጠሪያ አስፈለገው።

ያ መጠሪያ «ሽጉጥ» ሆነ። ቃሉ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ገንዘብ በመቀነት ይሸጎጣል፤ ደብዳቤ በሣር ክዳን ይሸጎጣል፤ ጩቤም በወገብ ይሸጎጣል። ሽጉጥ ማለት እንግዲህ የተሸጎጠው፣ ከልብስ በታች የተወተፈው ነገር ማለት ነው። ስሙ እንዴት እንደሚተኮስ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንደሚገድልም አይናገርም። የሚናገረው የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው።

የጠመንጃዎቹ ስሞች ግን በሌላ መንገድ ተገኝተዋል። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ ወታደሮቹ ስናይደር የተባለውን ጠመንጃ ይዘው ነበር። ይህ መሣሪያ ከአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው አሮጌ የኤንፊልድ ጠመንጃ ከኋላው እንዲጎርስ ተደርጎ የተለወጠ፣ 14.7 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ ነው። በአሮጌ ሜዳ ሚያዝያ 3 ቀን ያደረሰው ጉዳት በጦርነት ታሪክ የታወቀ ነው። አማርኛ ይህንኑ ጠመንጃ «ሰናድር» ብሎ የራሱ አደረገው። ከዚያው ዘመቻ ስለ ሽጉጥም የምንማረው አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ አምባ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ነው። ሰናድር በገፍ የመጣ የጭፍራ መሣሪያ ሲሆን፣ ሽጉጡ ግን ለአንድ ሰው የተበረከተ የክብር ዕቃና የመጨረሻ ቀን መሣሪያ ነበር። ሁለቱ መሣሪያዎች በወሎ ምድር በአንድ ሳምንት ውስጥ የነበራቸው ድርሻ የስሞቻቸውን ልዩነት በሚገባ ያስረዳል።

ከሰናድር በኋላ የመጣው «ውጅግራ» ነው። ምንጩ በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ» የሚለው ሲሆን ትርጉሙ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው፤ «ግራ» የፈልሳፊው የመኮንኑ ስም ነው። ፈረንሳይ ይህን ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ በ1866 ዓ.ም. ለጦሯ አስታጠቀች፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትቀበል አሮጌውን ጣለችው። የተጣለው መሣሪያ ነበር በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን የጎረፈው። በአውሮፓ ዘመኑ ስላለፈበት ዋጋው ወረደ፤ ዋጋው ስለወረደም በዛ፤ ስለበዛ ደግሞ ስሙ የሕዝብ ስም ሆነ።

የዋጋውን ነገር በሚገባ የሚያስረዳ ማስረጃ ከባለቅኔው ከአርተር ራምቦ ደብዳቤዎች እናገኛለን። ራምቦ በ1878 ዓ.ም. ከታጁራ ለቤተ ሰቡ ሲጽፍ፣ ወደ ሸዋ ሊወስዳቸው ያዘጋጃቸው ጠመንጃዎች ዘመናቸው ያለፈባቸው እንደሆኑ፣ በቤልጅግ አገር በሊየዥ ከተማ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ እንደሚገኙ፣ ለሸዋ ንጉሥ ግን በ40 ፍራንክ እንደሚሸጡ ገልጿል። ሆኖም 2,000 ያህሉን ጠመንጃ ይዞ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ ሲደርስ ንጉሥ ምኒልክ አጥብቀው ተከራክረው ነጋዴው ካሰበው ዋጋ በታች ገዙት። ይህ የሚያሳየው ገዢው ወገን የመሣሪያን ዓይነትና ዋጋ አመዛዝኖ የሚመርጥ እንደነበረ ነው። ለመምረጥ ደግሞ አንዱን ከሌላው የሚለይ ስም ያስፈልጋል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽርና በልጅግ የሚሉት ስሞች የገበያ ስሞች ናቸው የምንለው ስለዚህ ነው።

«ምንሽር» ማንሊኸር ከሚለው ከኦስትሪያዊው ሠሪ ስም የመጣ ሲሆን፣ «በልጅግ» ደግሞ የተሠራበትን አገር ስም የያዘ ነው። ራምቦ የጠቀሳት ሊየዥና ትልቁ የመሣሪያ ፋብሪካ ያለባት ኸርስታል የቤልጅግ ጎረቤታሞች ከተሞች ናቸው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጥይት ራሱ ከጠገራ ብር በታች እንደ መመንዘሪያ ሆኖ በገበያ ይሠራበት ነበር። ጥይት እስከ ዛሬ «አንድ ፍሬ»፣ «ሁለት ፍሬ» እየተባለ እንደ እህል መቆጠሩም የገበያ ዕቃ መሆኑን ያስታውሰናል። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝና ከጣሊያን ጋር ስለ መሣሪያ አገባብ በፓሪስ የተፈራረመችው ውልም የዚሁ ንግድ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ራያ ቆላ የመጣው መሣሪያ ግን ሁሉም በገበያ የመጣ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በፊት ጣሊያን ለአንዳንድ የራያና የአዘቦ ወገኖች ገንዘብና ጠመንጃ ማደሉ የታወቀ ነው። የጣሊያን ጦር ዋና መሣሪያ ማንሊኸር ካርካኖ የተባለው ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ጎራሽ ጠመንጃ ነበር። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ክላሽንኮቭ «ክላሽ» ተብሎ አጥሮ የቀደሙትን ስሞች ሁሉ ሸፈናቸው።

እነዚህ ሁሉ ስሞች ብቻቸውን ይቆማሉ። «ውጅግራ ያዘ»፣ «ምንሽር ታጠቀ» ሲባል «ጠመንጃ» የሚለውን መጨመር አያስፈልግም። ወደ ሽጉጥ ስንመለስ ግን የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ የቅጽልነት ሥራ ብቻ ይዞ እናገኘዋለን፤ «ኮልት ሽጉጥ»፣ «ማካሮቭ ሽጉጥ» እንላለን። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ጠመንጃ ለዘመቻ፣ ለከብት ጥበቃና ለአደን በገበያ እየተወዳደረ ሲመረጥ ኖሯል። ሽጉጥ ግን በስጦታ፣ በሹመትና በማዕረግ የሚመጣ ስለነበረ ከወገብ ላይ መዋሉ እንጂ የትኛው ከየትኛው መሻሉ ብዙ አላነጋገረም።

የመሣሪያው ጠባይም የቋንቋውን ልማድ ይደግፋል። የውጅግራ ጠቅላላ ርዝመት 1.30 ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ግራም ነው። የማካሮቭ ሽጉጥ ክብደት 730 ግራም ገደማ ሲሆን የጥይት መውጫ ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አጭር ቱቦ ለጥይት የሚሰጠው ፍጥነት አነስተኛ ነው። ሰደፍ ስለሌለው ትከሻ ላይ አይደገፍም፤ ማነጣጠሪያዎቹ ስለሚቀራረቡም ጥቂት የእጅ መንቀጥቀጥ ዒላማውን አብዝቶ ያስተዋል። በዚህ መሣሪያ ሚዳቋ ወይም ከርከሮ በሩቁ የሚተኩስ ሰው አቁስሎ የመልቀቁ ዕድል ሰፊ ነው። ቆስሎ ያመለጠ አውሬ ደግሞ ግዳይ አይባልም፤ የሚፎከርበትም አይደለም።

በሌላ አገር ሁኔታው ተለውጧል። በአሜሪካ በ1927 ዓ.ም. ከዚያም በ1948 ዓ.ም. ማግነም የተባሉ ኃይለኛ የሽጉጥ ጥይቶች ከወጡ በኋላ በሽጉጥ ማደን ራሱን የቻለ ልማድ ሆኗል። ስለሆነም «የአደን ሽጉጥ» የሚለው ሐረግ ከውጭ ጽሑፍ ሲተረጎም አንድ እውነተኛ ነገርን ያመለክታል፤ ሐሰት ነው ልንለው አንችልም። በእኛ አገር ግን አደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ ተርጓሚው ሐረጉን ሲጠቀም አንባቢው «የተሸጎጠ» እና «የተፈቀደ» የሚሉትን እንዳያምታታ መጠንቀቅ ይኖርበታል። የተደበቀ ነገርን በስሙ ለሚያስታውስ ቃል «የአደን» የሚል ቅጽል መጨመር ብቻውን ፍቺ አይሆንም።

እንግዲህ ለመዝገበ ቃላት ሥራ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ «ሽጉጥ» የሚለው ቃል ከ«ሸጎጠ» ሥር ተመዝግቦ «ሰደፍ የሌለው፣ በአንድ ወይም በሁለት እጅ የሚተኮስ፣ በወገብ የሚያዝ አጭር መሣሪያ» ተብሎ ይበየን። ሁለተኛ፣ «የአደን ሽጉጥ» ራሱን የቻለ የመዝገብ ቃል ሳይሆን በዚሁ ሥር የሚገባ ሐረግ ይሁን፤ ፍቺውም «አውሬን በቅርብ ርቀት ለመግደል የሚበቃ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ» ይሁን። ሦስተኛ፣ የጥይት መያዣ መጠንን ለመግለጽ ሕዝቡ የሚጠቀምበት «ጎራሽ» የሚለው ቃል ለሽጉጥም ያገልግል። «ጎረሰ» ከሚለው ከገበታ ቃል ወጥቶ ለዚህ ሙያ የዋለ ስለሆነ ከውጭ የምንዋሰው ምትክ አያስፈልገውም። አራተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበን፣ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽርና በልጅግ «የጠመንጃ ዓይነት» በሚል አጭር ፍቺ ብቻ አይታለፉ። እንዲህ ያለው ፍቺ ስሕተት ባይሆንም ባዶ ነው፤ ቃሉ የመጣበትን አገር፣ ዘመንና ዋጋ ያጠፋል። ለምሳሌ ያህል የውጅግራ ፍቺ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ውጅግራ፤ ስም። ከፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ»። በ1866 ዓ.ም. ለፈረንሳይ ጦር የተሰጠ፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ፤ በፈረንሳይ ጦር ዘንድ በሌላ ከተተካ በኋላ በርካሽ ዋጋ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገባ።

ይህን መሰሉን ፍቺ በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን በመጻሕፍት ብቻ ልናሟላው አንችልም። ውጅግራንና ምንሽርን በእጃቸው የያዙ ሰዎች እያለፉ ነው። ልጆቻቸው የሚያውቁት ክላሽን ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ስሞቹን በቀረርቶና በፉከራ ውስጥ ይሰሟቸዋል እንጂ አንዱን ከሌላው አይለዩም። ስለዚህ በጎብዬ፣ በሮቢት፣ በቆቦና በዋጃ የምትገኙ መምህራንና ተማሪዎች፣ አባቶቻችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ በምን ስም ይጠሩት እንደነበረ፣ በስንት ብር ወይም በስንት ከብት እንደገዙት፣ ለምን ሥራ እንደመረጡት ጠይቃችሁ ቃሉን ከነአነጋገሩ ጽፋችሁ እንድታቆዩልን አደራ እንላለን። ጠመንጃው ቢዝግ የሚጎድል ነገር ላይኖር ይችላል፤ ስሙ ሲጠፋ ግን ስለ አንድ ዘመን የሚመሰክር ቃል አብሮ ይጠፋል።