በወለጋ መንገዶች መኪና የሚያስወጣው ወጪና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢዶሎ፣ በሻምቡና በሌሎች የወለጋ ከተሞች መኪና ለመግዛት የሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመኪናውን ዋጋ ነው። መኪናው ከተገዛ በኋላ በየወሩ የሚፈልገው ገንዘብ ግን በግዢው ወቅት እምብዛም አይታሰብም። በባንክ ወይም በብድርና ቁጠባ ኅብረት ሥራ ማኅበር ብድር መኪና የገዛ ደመወዝተኛ ገንዘብ ሲያጥረው የሚያዘገየው ነዳጁን አይደለም፤ ያለ ነዳጅ መኪናው አይንቀሳቀስምና። የሚያዘገየው የፍሬን ሸራውን፣ የፍሬን ዘይቱንና ጎማውን ነው። በአካባቢው መንገዶች የተሳፋሪው ሕይወት በእጅጉ የተመሠረተው ደግሞ በእነዚሁ ሦስት ነገሮች ላይ ነው።

ቁልቁለቱና ፍሬኑ

ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዲስ አበባ በአምቦና በጉደር በኩል የሚመጣው መንገድ ጌዶ ደጋ ላይ ከወጣ በኋላ ወደ ሞቃታማው የባኮ አካባቢ ይወርድና እንደገና ወደ ነቀምቴ ይወጣል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚወስደው 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ወደ በደሌ የሚሄደውም ዴዴሳን ይሻገራል፤ ወደ ቡሬ የሚያቀናው ደግሞ ዓባይን። ስለሆነም ከነቀምቴ የሚነሳ አሽከርካሪ በአብዛኞቹ አቅጣጫዎች ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል።

በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚከዳው በድንገት መስሎ ቢታይም አካሄዱ የታወቀ ነው። ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። አሽከርካሪው ቁልቁለቱን ሙሉ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ ሲወርድ ሸራውና ፍሬን ዘይቱ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኙም። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ይህ ዘይት ግን ከአየር እርጥበት የመሳብ ባሕርይ ስላለው ከጊዜ ብዛት መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ በቀላሉ የሚታመቅ በመሆኑ የፍሬን ፔዳሉ እየለሰለሰ ሄዶ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሬኑ ተመልሶ ይይዛል። ባለቤቱ ጋራዥ ሲያደርሰው ምንም ጉድለት ያልተገኘበት የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዝናቡ ወቅት ረጅም በሆነበት በወለጋ የፍሬን ዘይት የተነዳው ኪሎ ሜትር ሳይታይ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል። ከሞተር ዘይት ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው። የፍሬን ሸራና ፓድም ሲሳሳ እንጂ ብረት ከብረት ሲፋጭ መለወጥ የለበትም፤ ድምፁ እስኪሰማ የጠበቀ ባለቤት ለሸራው ብቻ ሳይሆን ለታምቡሩ ወይም ለዲስኩም ይከፍላል።

ነባር አሽከርካሪዎች ቁልቁለትን ሽቅብ ሊወጡት በሚችሉት ማርሽ ይወርዳሉ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬን የሚያስፈልገው በየመሀሉ ጠንከር አድርጎ ፍጥነትን ለመቀነስና ወዲያው ለመልቀቅ ብቻ ይሆናል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው እንደ ቪትዝ ያሉ አነስተኛ መኪኖችም ለዚሁ የሚያገለግል ዝቅተኛ እርከን አላቸው፤ ብዙ ባለቤቶች ግን ከገዙት ጀምሮ ተጠቅመውበት አያውቁም። በኤሌክትሪክ ለሚሠራ መኪናም የሚታሰብ ነገር አለ። መኪናው በቁልቁለት ባትሪውን እየሞላ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከነቀምቴ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ወደ ዴዴሳ ከወረደ ግን የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው ይህ ድጋፍ ይቀንስና ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ቁልቁለት ከፊት ካለ ባትሪውን እስከ ጫፍ አለመሙላት ይመረጣል።

ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ማርሽን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ በአካባቢው የተለመደ ስሕተት ነው። አደጋው የታወቀ ሲሆን ቁጠባውም የለም። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጩ ሞተሮች በማርሽ ላይ ሆነው ነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ የነዳጁን ፍሰት ያቋርጣሉ፤ ማርሹ ዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠቀሙን ይቀጥላል። በማርሽ የሚወርደው ሰው ዜሮ አድርጎ ከሚወርደው ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል ማለት ነው።

ፍሬን እምቢ ባለ ጊዜ ሞተሩን ማጥፋት አይገባም፤ መሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል አብረው ይጠፋሉና። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽን ደረጃ በደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬንን ቀስ እያሉ መሳብና መኪናውን ከገደሉ ተቃራኒ ወዳለው የአፈር ግድግዳ ማስጠጋት የሚመከር አካሄድ ነው። የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል መታገስ ይሻላል።

ከፍታው በራዲያተሩም ላይ ጫና አለው። በነቀምቴ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ከዚህ በላይ ሙቀት ይዞ ውኃው ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን በርካሽ ዋጋ ይለወጣል፤ ችላ ከተባለ ግን ውጤቱ የተቃጠለ ጓርኒሲዮንና የተጣመመ ቴስታ ሊሆን ይችላል።

ጎማ ላይ የተጻፈው ዓመት የማን ነው?

በጎማ ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በሚገኘው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 1215 ማለት በ2015 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ይህ ዓመት ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንድ ገዢ 15 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር 2015 አድርጎ ቢያነበው በ2007 ዓ.ም. የተመረተን ጎማ ስምንት ዓመት ያህል አሳንሶ ይገምታል። ጎማ በመደብር ተቀምጦም ያረጃል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አሥር ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር መለወጥ አለበት። ያው የዓመት ጉዳይ ያገለገለ መኪና ሲገዛ በሊብሬው ላይ የተመለከተውን የሥሪት ዘመን ለማንበብም ይሠራል።

ነፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ለሙሉ ጭነት የተጻፈው ቁጥር ከፍ ያለ ነው። ቡናና በቆሎ ጭኖ፣ ቤተሰቡንም አሳፍሮ የሚጓዝ ሰው የሚያየው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ሸለቆው ውስጥ ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር ነፋስ ማስተንፈስ አያስፈልግም። ስኮርት ጎማውም ነፋስ ይፈልጋል፤ ክሪኩም በቦታው መኖሩ ከጉዞ በፊት ይታይ።

ዝናብ፣ ጨለማና የመስክ ሥራ

በወለጋ አደገኛው ዝናብ ረጅም ጊዜ የሚጥለው ሳይሆን ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ፣ ከዳር የሚገባው ቀይ አፈርም ጭምር ወደ ሙልጭልጭ ጭቃ ይለወጣሉ። ጉም ባለበት ደግሞ ረጅሙን መብራት ማብራት ጉሙን ከማንጣት ሌላ ጥቅም የለውም።

በሌሊት ለብልሽት የቆሙ የጭነት መኪኖች ብዙ ጊዜ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን አያስቀምጡም። በምትኩ ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል፤ መኪናው ከሄደም በኋላ ድንጋዩ መንገዱ ላይ ይቀራል። በገበያ ቀናት አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ የሚመለሰው እግረኛና ከብት ሲጨመርበት በጨለማ መጓዝ ያለ በቂ ምክንያት የሚመረጥ አይደለም።

ይህ ጉዳይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለሚጀመር ስብሰባ በዕለቱ ከነቀምቴ የሚነሳ ተሽከርካሪ 7 ሰዓት ያህል ቢፈጅበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ሾፌሩ ቀኑን በመስክ ስምሪት የዋለ ከሆነ ለእንቅልፍ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ሾፌሩ ለሦስት ሰከንድ ቢያንቀላፋ 67 ሜትር ያህል ያለ ሾፌር ይሄዳል። የአንድ ሌሊት የውሎ አበል ለመቆጠብ ሲባል የሚወጣው እንዲህ ያለ ስምሪት ከቢሮው መዝገብ ላይ ቁጠባ ቢመስልም፣ የሚፈርመው ኃላፊ ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንደተኛ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የደኅንነት ቀበቶን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት ከፊት ለሚቀመጡ ሰዎች የሞት አደጋን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይገልጻል። በጋቢና ሕፃን አቅፎ መቀመጥ ግን በከተሞቻችን አሁንም ይታያል። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢጋጭ የትኛውም ወላጅ ሕፃኑን በክንዱ ሊይዘው አይችልም። አደጋ ሲደርስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907፣ የፖሊስ ደግሞ 991 ነው።

ወጪውን በኪሎ ሜትር ማስላት

ዋጋ ስለሚለዋወጥ ለስሌት እንዲመች ነዳጅ በሊትር 100 ብር፣ መኪናውም በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እንያዝ። ነዳጁ በኪሎ ሜትር 10 ብር ይሆናል። አራት ጎማ በ40 ሺህ ብር ተገዝቶ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያገለግል 1 ብር ይጨመራል። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ 5 ሺህ ብር ቢፈጅ ሌላ 1 ብር ነው። ለፍሬን፣ ለአሞርዛተር፣ ለኩሽኔታና ለመሳሰሉት ቢያንስ 2 ብር መያዝ ይገባል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 660 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባለቤቱ በኪሱ የሚሰማው 6 ሺህ 600 ብር የነዳጅ ሒሳብ ሲሆን እውነተኛው ወጪ ግን ከ9 ሺህ 200 ብር በላይ ይሆናል። ልዩነቱን 2 ሺህ 600 ብር በየጉዞው ለብቻው የሚያስቀምጥ ሰው ፍሬን ለመለወጥ ብድር አይፈልግም። እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ዋጋ ተክቶ ማስላት ይችላል።

በአገራችን ይህንን ስሌት የሚያስረሳ አንድ ነገር አለ። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ እዚህ ግን ለረጅም ጊዜ ሲጨምር ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል። በዚህ ሳቢያ የሃያና የሠላሳ ዓመት ኮሮላ እንደ ንብረት ይቆጠራል። የመኪናው ዋጋ መጨመር ግን ሸራውን አያድሰውም።

ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ግዴታ ነው። ቦሎ መለጠፉ መኪናው በምርመራው ዕለት የነበረበትን ሁኔታ እንጂ ከስድስት ወር በኋላ ያለውን አያረጋግጥም። ለምርመራው ቀን ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ መቅረብም ራስን ከማታለል አያልፍም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚቀዳው በቴሌብርና በሌሎች የዲጂታል ክፍያ መንገዶች በመሆኑ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው ኔትወርክ ሊቋረጥ እንደሚችል አስቦ ሳልባትዮው ከግማሽ በታች ሳይወርድ መቅዳት ይኖርበታል።

መድንና የስም ዝውውር

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የ3ኛ ወገን የመድን ሽፋን ሊኖረው ግድ ነው። ሽፋኑ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ የሚከፍል ሲሆን የባለቤቱን መኪና አያስጠግንም። ሙሉ መድን የገዙም ቢሆኑ በውሉ ላይ የሰፈረውን የመኪና ዋጋ በየዓመቱ ማስተካከል አለባቸው። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ብር ተመዝግቦ 200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት መድን ድርጅቱ በተመጣጣኝ ስሌት 100 ሺህ ብር ብቻ ሊከፍል ይችላል።

ያገለገለ መኪና በውክልና ብቻ መሸጥም ሆነ መግዛት የተለመደ ነው። ሻጩ ስሙን ከሊብሬው ሳያወርድ ውክልና ሰጥቶ ሲለያይ መኪናው በመዝገብ የእርሱ እንደሆነ ይቀጥላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሲነዳው የነበረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ከዓመታት በፊት የሸጠው መኪና በሌላ ከተማ ሰው ቢገጭ የፍርድ ቤት መጥሪያው ሊብሬው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ሊመጣ ይችላል። ገዢውም ቢሆን ወካዩ ውክልናውን ቢሽር ወይም ቢሞት የከፈለበትን መኪና በስሙ ለማዞር ይቸገራል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሽያጩ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከመከፈሉ በፊት መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ከባንክ ዕዳ፣ ከፍርድ ቤት እግድና ካልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ነጻ መሆኑን ማረጋገጥና የስም ዝውውሩን ማስፈጸም ይኖርባቸዋል።