የሚዘገይ ምስል ጥንተ ታሪክ

በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ከሩቅ ዘመዱ ጋር በቪዲዮ የሚነጋገር ሰው፥ ድምፁ ቀድሞ የከንፈሩ እንቅስቃሴ ዘግይቶ ሲታይ፥ እጁንም ሲያነሣ ምስሉ ቆም ቆም እያለ ሲንቀራፈፍ፥ ወዲያው የሚሰጠው ፍርድ «ኔትወርኩ ነው» የሚል ነው። ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ እውነት ቢሆንም፥ ብዙ ጊዜ ግን ሳይመረመር የተበየነ ነው፤ ምክንያቱም ምስልን ከአገር ወደ አገር ለማሻገር የደከሙ ሊቃውንት፥ ኢንተርኔት ገና በሰው ኅሊና እንኳ ሳይታሰብ፥ ከብርሃን ማነስና ከሽቦ ጥበት ጋር ሲታገሉ ኖረዋልና።

በኤውሮጳ አቆጣጠር ኤፕሪል 7 ቀን 1927፥ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኸርበርት ሁቨር በዋሽንግተን ተቀምጠው ሲናገሩ መልካቸው በኒው ዮርክ ታየ። ምስሉ በ50 መስመሮች የተሠራ፥ በሰከንድም 18 ጊዜ ያህል የሚታደስ ነበረ። ሥራውን የመሩት ኸርበርት አይቭስ፥ የተናጋሪውን ፊት በብርቱ መብራት ከማስጨነቅ ይልቅ፥ አንዲት ቀጭን የብርሃን ጨረር ፊቱን በፍጥነት እየዳሰሰች እንድታልፍ አደረጉ። በ1936 ደግሞ ጀርመኖች በርሊንንና ላይፕዚግን በልዩ ገመድ አገናኝተው፥ ሕዝቡ ዋጋ እየከፈለ ፊት ለፊት እየተያየ የሚነጋገርበትን አገልግሎት ከፈቱ፤ ጦርነቱ ግን በ1940 አስቀረው። አሜሪካኖችም በ1970 በፒትስበርግ ከተማ የምስል ስልክ ለነጋዴዎች ሲያቀርቡ፥ ወርኃዊ ኪራዩ 160 ዶላር ነበረ። ለአንድ ድምፅ 4 ሺህ ሄርትዝ ያህል ስፋት ሲበቃ፥ ያ ምስል 1 ሚሊዮን ሄርትዝ ይጠይቅ ስለ ነበር፥ አንድ ሰው ለማየት 250 ሰዎች የሚነጋገሩበት መንገድ ይያዝ ነበር ማለት ነው። ደንበኛው ጥቂት ሆነና ነገሩ ሳይስፋፋ ቀረ።

የኮምፒዩተር ካሜራ ታሪክ የሚጀምረው ግን ከዚህ ሁሉ ትልቅ ድርጅት ርቆ፥ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የቡና ማፍያ ፊት ነው። በ1991 የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራው ተመራማሪዎች፥ ከሌላ ፎቅ ደረጃ ወርደው ሲመጡ ማፍያው ባዶ ሆኖ እየጠበቃቸው ስለ ተቸገሩ፥ ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ አንድ ካሜራ ወደ ማፍያው አነጣጥረው ምስሉ በየጠረጴዛው እንዲታይ አደረጉ። ምስሉ 128 በ128 ነጥብ፥ ቀለሙም ግራጫ ብቻ ሲሆን፥ የሚታደሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ነበረ፤ ቡና ቀስ ብሎ የሚሞላ ነገር በመሆኑም ማንም አላማረረበትም። በ1993 ምስሉ ለዓለም ሁሉ ተከፍቶ እስከ 2001 ድረስ ታየ። እኔ ከዚህ ታሪክ የማደንቀው ጥንቃቄውን ነው፤ መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የሚያዩት ነገር ምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠይቅ አስቀድመው ለክተዋልና። የሰው ፊት ግን ከቡና ማፍያ ይልቅ እጅግ ፈጣን ነው፤ ቅንድብ በቅጽበት ይነሣል፥ ፈገግታም በቅጽበት ያልፋል።

በ1994 ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ ኩዊክካም የተሰኘውን ካሜራ በ100 ዶላር ገደማ ሲያወጣ፥ ምስሉ ከነጭ እስከ ጥቁር 16 ደረጃ ብቻ ነበረው። ከዚያ በኋላ ለካሜራዎች መገናኛ የሆነው የመጀመሪያው ዩኤስቢ በሰከንድ ከ12 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም ነበር፤ ሳይጨመቅ የሚላክ 640 በ480 ነጥብ ባለ ቀለም ምስል ግን፥ በሰከንድ 30 ጊዜ ሲታደስ 147 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል። በ2000 የወጣው ሁለተኛው ዩኤስቢ 480 ሜጋቢት ቢደርስም፥ የምስሉ መጠን አብሮ እያደገ ሄደ። ስለዚህ ምስሉን መጨመቅ ግድ ሆነ፤ ጥበቡም፥ በሕንድ አገር የተወለዱት ናሲር አሕመድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1974 ካሳተሙት ስሌት ጋር፥ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የተለወጠውን ብቻ በመላክ ላይ የተመሠረተ ነው። ነገር ግን መጨመቅና መፍታት የኮምፒዩተሩን አንጎል ያደክማል፤ ብዙ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የከፈተ አሮጌ ኮምፒዩተርም፥ ገመዱ ሰፊ ሆኖ ሳለ፥ ምስሉን በጊዜው ማድረስ ይሳነዋል።

ብርሃንም ዛሬ ድረስ ዕዳውን አልተወም። ካሜራ በደብዛዛ ክፍል ውስጥ በቂ ብርሃን እስኪሰበስብ እያንዳንዱን ምስል ያቆየዋል፤ ለአንዱ የሰከንድ አንድ ዐሥራ አምስተኛ ከወሰደ፥ በሰከንድ ከ15 ምስል በላይ ከየት ይመጣል? በዋሽንግተን እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ መሽቷልና፥ ልጇ በጠራራ ፀሐይ የሚደውልላት እናት በአንዲት ደካማ አምፖል ሥር ተቀምጣ ስትንቀራፈፍ የምትታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ ጥሪውን ዘግቶ፥ በኮምፒዩተሩ የካሜራ ፕሮግራም የራሱን ምስል ብቻ ይመልከት። እዚያም ከተንቀራፈፈ ኢንተርኔቱ ንጹሕ ነው፤ መብራቱን ከጀርባው ወደ ፊቱ ያዙር፥ ካሜራውን ከማከፋፈያ ነቅሎ በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካ፥ የማያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ይዝጋ፥ የምስሉንም መጠን ዝቅ ያድርግ። ምስሉ በራሱ ዘንድ ጥሩ ሆኖ በወዲያኛው ሰው ዘንድ ብቻ የሚቆራረጥ እንደ ሆነ ግን፥ ያን ጊዜ ስለ ኔትወርኩ መናገር ተገቢ ይሆናል።